እንቅልፍ የነሳን ነገር

መስከረም 28 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ እርስዎንም እትዬንም በጤና፣ በራችሁ ተከፍቶ፣ ድምፃችሁ ለጎረቤት እየተሰማ ታግኛችሁ። እኔ በሰው አገር በፈጣሪ ቸርነት በሕይወት አለሁ። ስልክ ላይ «ሃሎ፣ ሃሎ» ተባብለን ተጯጩኸን ከምንዘጋ፣ ጆሮዎ ከደከመ ወዲህ ደብዳቤ ይሻላል ያሉት እውነት ነው። እኔም መጻፉን እየለመድኩት ነው።

የማስታምማቸው ሽማግሌ ሐምሌ ውስጥ አረፉ። ሦስት ዓመት የኖርኩበትን ቤታቸውን ለቅቄ አሁን አንድ ትልቅ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቻለሁ። ሥራዬ አንሶላ ማጠፍ ነው። አንዷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ ይዘን እናራግፋለን፣ እናጥፋለን፣ እንቆልላለን። ቀኑን ሙሉ የሰው መኝታ ሳሰናዳ ውዬ የራሴ አልጋ ላይ ስወጣ ግን እንቅልፍ የለም። ይኸው ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። ትናንት አንሶላ ይዤ ቆሜ ጓደኛዬ ሁለቴ ስትጠራኝ አልሰማሁም።

እርስዎ ሠላሳ ዓመት መድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ቆመው ለአገር ሁሉ «ከምግብ በፊት፣ ከምግብ በኋላ» ሲሉ ኖረዋል። ለእኔም አንድ ነገር ይበሉኝ።

እትዬን ሳሙልኝ። ሁለት መስመር ትጻፍልኝ፤ ሁለት ትበቃኛለች።

ልጅዎ ፌንጣ


ጥቅምት 24 ቀን

ለልጄ ለፌንጣ፣

እንደምን ከርመሻል? በሄድሽበት ሁሉ እግርሽን እንቅፋት አያግኘው፤ ደግ ሰው አይራቅሽ። እኛ ደህና ነን።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ ማለትሽ አስገርሞኛል። እናትሽ ሞታ እኛ ቤት ስትመጪ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሽ። መሐላችን ተኝተሽ ሌሊቱን ሙሉ እየተራገጥሽ ጎኔን ስታደቂው ታድሪ ነበር። ፌንጣ ብላ ስም ያወጣችልሽም አክስትሽ ናት። ቤቱ ቢፈርስ የማትነቂ ልጅ ምን አገኘሽ?

እንግዲህ መስኮቴ ላይ ቆሜያለሁ በይ። እኔ ክኒን ከመቁጠሬ በፊት እጠይቃለሁ። እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ከሚመጣው ሰው አብዛኛው ልማዱን ቢያስተካክል ይበቃዋል። ቡና ስንት ትጠጫለሽ? ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚጠጣ ቡና ሌሊት መጥቶ የሚቀሰቅስ እንግዳ ነው። ቀን ሸለብ ታደርጊያለሽ? እሱን ተይው፤ የቀን እንቅልፍ የሌሊቱን ይበላዋል። ራት ከብዶሽ ነው የምትተኚው? ክፍልሽ ይሞቃል? ስልክሽን ይዘሽ አልጋ ላይ ትወጫለሽ? የሥራ ሰዓትሽ ዛሬ ጠዋት ነገ ማታ እያለ ይቀያየራል? እግርሽን ጉንዳን የወረረው ያህል እየበላሽ ታገላብጪዋለሽ? አትቆጪኝና መጠጥስ? ያስተኛል ይላሉ፤ እውነት ነው ያስተኛል፣ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀስቅሶ ደረቅ አፍሽን ይዘሽ ጣሪያ ያስቆጥርሻል።

መጨረሻ ላይ፣ የሚያብሰለስልሽ ነገር አለ? ይህን መጨረሻ የማደርገው ሰው ሁሉ የሚዋሸኝ እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

አክስትሽ ደህና ናት። ትንሽ ትረሳለች፤ ዕድሜ ነው። መጻፍ ሰለቸኝ ብላለች። ስማሻለች።

ጋሼሽ


ኅዳር 15 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

ጤናዎ ይብዛ፤ ጎንዎ ይዳን! በእንቅልፌ ለረገጥኩዎት ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጥያቄዎን ልመልስ። ቡና በቀን አራት ነበር፤ አንድ አደረግኩት። ሦስት ቀን ራሴን ሲፈልጠኝ ከረመ፣ እንቅልፉ ግን አልመጣም። ስልኬ ማታ ማታ ኩሽና ያድራል፤ እሱ ሳይተኛ አይቀርም። መጠጥ የለም። ሥራዬ ጠዋት ገብቼ ማታ መውጣት ነው። ክፍሌ ከዳቦ ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ ምድጃው ሲለኮስ ወለሉ ይግላል፤ ባዶ እግሬን ስረግጠው ራሴም ልጋገር የደረስኩ ይመስለኛል። ይኼን ሰበብ አድርጌ አልጋዬን ወደ መስኮቱ አዛወርኩት። ለውጥ የለም።

አብራኝ የምትኖር ልጅ አለች፣ ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ። ታንኮራፋለች። ጋሼ፣ ማንኮራፋቱን ቻልኩት። ያልቻልኩት መቆሙን ነው። ስታንኮራፋ ቆይታ ድንገት ጸጥ ትላለች። ትንፋሽ የለም። ከዚያ ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው «ኽክ!» ብላ ትቀጥላለች። ጸጥ ስትል ተነስቼ አፍንጫዋ ሥር እጄን አደርጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ነቅታ እጄን ስታየው ጮኸች፤ «ልትገይኝ ነው እንዴ?» ብላ ትራሷን ወረወረችብኝ። ጠዋት ተሳሳቅን፤ እሷ ግን ከልቧ አልሳቀችም።

የሚያብሰለስልሽ ላሉት ምንም የለም። ሰው የሚያስበውን ነው የማስበው።

እትዬ መጻፍ ሰለቸኝ አለች? እትዬ? ትምህርት ቤት ስሄድ ደብተሬ መሐል «ወጥ አትድፊ፣ አትጣይ፣ እወድሻለሁ» የሚል ወረቀት ትደብቅ የነበረች ሴት?

ልጅዎ ፌንጣ


ታኅሣሥ 12 ቀን

ለልጄ ለፌንጣ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ያቺ ጓደኛሽ ሐኪም ትይ፤ አፍሬ ነው ብላ አትተወው። እንደሱ ያለ ማንኮራፋት ቀልድ አይደለም። ትንፋሹ እየተቆረጠ የሚያድር ሰው ተኛሁ ይላል እንጂ አይተኛም፤ ቀን ሲያንጎላጅ ይውላል፣ ልቡም ይደክማል። አንቺ ግን እጅሽን ሰብስቢ። የሰው ትንፋሽ ዘበኛ ማን አደረገሽ?

አሁን የእኔን ስሚ። ዋሽቼሻለሁ።

አክስትሽ ሃያ ስምንት ዓመት መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ሆና ስትሠራ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ አሥራ አንድ ላይ መስኮቷን ትከፍት እንደነበር ታውቂያለሽ። አሁን የእኔን ስም ትረሳለች፤ ያንን ሰዓት ግን አልረሳችም። አሥር ሰዓት ሲሆን ትነሳና ጫማዋን ፍለጋ ቤቱን ታምሰዋለች። ሥራ ረፈደብኝ ትላለች። ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ደርሼባታለሁ። ስለዚህ በሩ ሥር ወንበር ይዤ አድራለሁ። ስታየኝ ተሳፋሪ እመስላታለሁ።

«የት ነው የሚሄዱት?» ትለኛለች።

«ወደ አልጋ፣ አንድ ሰው» እላታለሁ።

«ሞልቷል። ነገ ማልደው ይምጡ።»

«እመቤቴ፣ ሽማግሌ ነኝ። ቆሜም ቢሆን ልሂድ።»

«ትርፍ አንጭንም!»

አንዳንድ ቀን ትራራልኝና ከጋዜጣ ጥግ ቀዳ ትኬት ትሰጠኛለች። ያን ቀን ሁለታችንም እስኪነጋ እንተኛለን። በቀረው ቀን እንቅልፌ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። እንግዲህ ስለ እንቅልፍ የሚመክርሽ ሰውዬ ይኸው ነው፤ ራሱ ጠማማ፣ አቅኚ ልሁን ባይ።

ባለፈው ስምሽን ስጠራ «እሷ ደግሞ ማናት?» አለችኝ። ጉርድ ፎቶ ካለሽ ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጋሼሽ


የካቲት 16 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

ጉልበት ይስጥዎ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። እየጀመርኩ ስተወው ነበር። ያኔውኑ አለመንገርዎ አስከፍቶኛል፤ ቢነግሩኝም ምን እንዳደርግ አላውቅም።

ፎቶውን ልኬያለሁ። ከሱ ጋር ያለችው ትንሽ ሣጥን በር ላይ የምትለጠፍ ናት፤ በሩ ሲከፈት ትጮኻለች።

ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ደሜን አዩ፤ የደም ማነስ የለም። አንገቴ ላይ ያለው ዕጢ ሥራው ሲበዛ እንቅልፍ ይነሳል ብለው እሱንም መረመሩ፤ ደህና ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት።

«መቼ ጀመረሽ?» አለኝ።

«ሐምሌ።»

«ሐምሌ ምን ሆነ?»

«ምንም።»

ክኒን ጻፈልኝ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ብሎ አስጠንቅቆ። ገዛሁት፤ አልዋጥኩትም።

ሳህን አጣቢዋ ክፍል ቀየረች። አልፈርድባትም። አሁን ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው።

ልጅዎ ፌንጣ


መጋቢት 13 ቀን

ለልጄ ለፌንጣ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሣጥንሽ ደረሰች፤ እጅሽ ይባረክ። ለጠፍኳት። መዘዝ አመጣች እንጂ! ጆሮዬ ይህን ያህል ነውና እኔ አልሰማኋትም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ግን በሌሊት ልብሱ ወጣ። አክስትሽ ደግሞ የአውቶቡስ ጥሩምባ መሰላት። «ሊነሳ ነው! ሰው ቀርቷል፣ ጠብቁ!» እያለች በላዬ ላይ ልትረማመድ። ነቅዬ አስቀመጥኳት።

ፎቶሽን አየችው። ብዙ ቆየችበት። «ይቺ ልጅ አልተኛችም» አለችኝ። ማን እንደሆንሽ ግን አላወቀችም።

ልጄ፣ እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ትናንት ጨው ብዬ ስኳር ወጥ ውስጥ ጨመርኩ፤ እሷ ጣፋጭ ነው ብላ በላችው። አንድ ሁለት ወር ፈቃድ አግኝተሽ ብትመጪ? የሰው ልጅ ማስታመም ታውቂበታለሽ፤ ሦስት ዓመት የኖርሽበት ሙያ ነው። ያንን ሙያ ትተሽ ለምን አንሶላ ማጠፍ እንደገባሽ ግን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም።

ያ ሐኪም ጥሩ ጠየቀሽ። እኔም እሱኑ ልጠይቅሽ፦ ሐምሌ ምን ሆነ?

ጋሼሽ


ሚያዝያ 22 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

የዛሬው ደብዳቤ ሰላምታ አይዝልኝም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ሽማግሌው ሳንባቸው ደክሞ ነበር። አክታ ያፍናቸዋል፤ ራሳቸው መትፋት አይችሉም። በየሰዓቱ ቀና አድርጌ፣ ጀርባቸውን መታ መታ አድርጌ፣ አፋቸውን መጥረግ ነበረብኝ። ልጃቸው ሌላ ከተማ ናት፤ የምታግዘኝ ሴት ታማ ቀረች። ሦስት ሌሊትና ሦስት ቀን አልተኛሁም። በአራተኛው ቀን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጉልበቴን አሞቀችው። ለአንድ ደቂቃ ብዬ ጭንቅላቴን ወንበሩ ላይ አሳረፍኩ።

ስነቃ ፀሐይዋ ከክፍሉ ወጥታለች። እሳቸው በጎናቸው ወደ እኔ ዞረዋል። ብቻቸውን መዞር አይችሉም ነበር፤ እንዴት እንደዞሩ አላውቅም። እጃቸው ወደ እኔ ተዘርግቷል። ከጣታቸው እስከ ቀሚሴ አንድ ስንዝር አይሞላም። ጠርተውኝ ይሆናል። ድምፅ አልነበራቸውም።

አስተካክዬ አስተኛኋቸው። ፊታቸውን አጠብኩ። ልጃቸው ማታ ደረሰች።

«አጠገቡ ነበርሽ?» አለችኝ።

«ነበርኩ።»

«ነቅተሽ?»

«ነቅቼ። እጃቸውን ይዤ ነበር። ቀስ ብለው ነው የሄዱት።»

አቅፋኝ አለቀሰች። «ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኬን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር» አለችኝ። ጋሼ፣ እሷ በእኔ ውሸት ትተኛለች።

ከዚህም የከፋ አለ። ያ እንቅልፍ ጣፋጭ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። እሳቸው ሲታነቁ እኔን እየጣፈጠኝ ነበር። አሁን ዓይኔ ከደን ማለት ሲጀምር ያ ጣዕም ይመጣብኛል፤ ያን ጊዜ ብድግ ብዬ እቀመጣለሁ።

ለሐኪሙ ይህን አልነገርኩትም። ክኒኑ የሚሰጠኝ ያንኑ እንቅልፍ ነው።

ፌንጣ


ግንቦት 18 ቀን

ለልጄ ለፌንጣ፣

ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ አክስትሽ እንዳታገኘው ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ስሚኝ። እንቅልፍ አንበሳንም ይጥላል። ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ልተኛ አልተኛ ብሎ አይመርጥም፤ ሥጋው ይመርጥለታል። መኪና እየነዳ የሚተኛ አለ፤ እሳት ጭሮ አጠገቡ የሚተኛ አለ። ጣፈጠኝ ያልሽውም ለተጠማ ሰው ውሃ እንደሚጣፍጠው ነው፤ ውሃው ኃጢአት የለበትም። ሽማግሌው ሳንባቸው አልቆ ነበር። ዛሬ ባይሄዱ ነገ ይሄዱ ነበር። ልጃቸውንም ተያት፤ ለእሷ የሰጠሻት ውሸት አይደለም፣ ምጽዋት ነው።

እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። እንግዲህ ሸክምሽን አውርጂ። ክኒኑን ለጥቂት ቀን ውሰጂው፤ እንቅልፍ መንገዱን ከረሳ አንዳንዴ እጁን ይዞ የሚያስገባው ይፈልጋል።

ከዚያ ነይ። ተራ እንገባለን፤ አንድ ሌሊት አንቺ፣ አንድ ሌሊት እኔ። ከሁለታችን አንዳችን ሰው እንሆናለን።

ጋሼሽ


ሐምሌ 4 ቀን

ለልጄ ለፌንጣ፣

መልስሽ አልደረሰኝም፤ ሳልጠብቀው ጻፍኩ። አክስትሽ በሕይወት አለች። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ።

ሰኔ 11 ቀን ነበር። ምሳ አብልቻት አልጋዋ ላይ አረፍ አለች። እኔ እንደ ልማዴ በሩ ሥር ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ፣ ልጆች ውጭ ኳስ ይራገጣሉ። ቀን አትተኚ ያልኩሽ እኔ ነኝ አይደል? ስነቃ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ጫማዋ የለም። እግሬን ተራምዳ ነው የወጣችው። እግሬን ተራምዳ!

ያለ ጃኬት ሮጥኩ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው ብዬሻለሁ፤ ሮጥኩ።

መናኸሪያ ደርሳ ነበር። በእሷ መስኮት አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። «ተነሽ፣ ወንበሬ ነው» አለቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ምን እንደታያት እንጃ ተነስታ አስቀመጠቻት። አክስትሽ ለሁለት ሰው ትኬት ቆርጣ ሰጠች፤ መልሱንም አላሳሳተችም። ሰልፈኛው ሁሉ ዝም ብሎ ያያት ነበር አለችኝ ልጅቷ። ከዚያ «ተረኛዬ መጥታለች» ብላ ተነሳች። ከትኬት ቤቱ በር ሥር ሦስት የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ሁለተኛውን ሳተችው።

የዳሌ አጥንቷ ተሰብሯል። በዕድሜዋና በልቧ ምክንያት ቀዶ ሕክምና አናደርግላትም ብለው ወደ ቤት መለሷት።

ጎረቤት «የት ሄደህ ነው?» ሲለኝ «ሽንት ቤት ገብቼ» አልኩ። ለሐኪሙም እንዲሁ አልኩ። አሁን ሰው ሁሉ «ምን ታደርግ፣ ለደቂቃ ነው» እያለ ያጽናናኛል። እነሱ ለደቂቃ ሲሉ እኔ የምሰማው ሌላ ነው። ምን ያህል እንደተኛሁ አላውቅም፣ ፌንጣዬ። ጣፍጦኝ ነበር።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ከሰው ሸክም አጠገብ ቆሞ «አውርደው» ማለት እንዴት ቀላል ነው! ያ ደብዳቤ ቢመለስልኝ እቀደው ነበር። ውሸት ጽፌበት አይደለም። ያኔ ስለማላውቀው ነገር ስለተናገርኩ ነው።

አሁን አትነሳም። አሥር ሰዓት ሲሆን ዓይኗን ትከፍታለች፣ ጣሪያውን ታያለች፣ ትዘጋለች። በሩ ሥር መቀመጥ አያስፈልገኝም። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ አሁን መተኛት እችላለሁ። አልተኛሁም።

ነይልኝ። ከእንግዲህ ተራም አልልሽም። ቤት ውስጥ ሌላ የሰው ኮቴ ልስማ።

ጋሼሽ


መስከረም 19 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

የእትዬን እያንዳንዱን ጣት ሳሙልኝ።

ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ ትኬትም ቆርጬ ነበር። ሥራም ወረቀትም አልከለከለኝም፤ በዚህ እንኳ አልዋሽዎትም።

ከመምጣቴ በፊት የሽማግሌውን ልጅ ፈልጌ ሄድኩ፤ እውነቱን ነግሬያት ልገላገል ብዬ። በሩን ስትከፍት ፊቷ ፈካ። ለልጆቿ «አያታችሁ ሲሞት እጁን የያዘችው እቺ ናት» ብላ አስተዋወቀችኝ። ትንሿ መጥታ እጄን አገላብጣ አየችው። ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ጋሼ፣ አልመጣም። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት። ያ ቤት እንቅልፍ የማውቅበት ቤት ነው። ግድግዳውን፣ የእትዬን ትንፋሽ፣ የእርስዎን ሳል አውቀዋለሁ። እዚያ ስገባ እንደምተኛ ልቤ ያውቃል፤ እንደ ድንጋይ እተኛለሁ። እርስዎ «ፌንጣ አለች» ብለው ይተኛሉ፤ እኔ «ጋሼ አሉ» ብዬ እተኛለሁ። እትዬን ማን ያያታል?

ተሳፍሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አጠገባችሁ ነበርኩ። መሳፈሪያው አዳራሽ ድረስ ሄጄ፣ የብረት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ስሜ ሁለት ጊዜ ሲጠራ ሰማሁት።

ፌንጣ


ኅዳር 30 ቀን

ለልጄ ለፌንጣ፣

እንደምን ነሽ? እኔ እንደምታስቢኝ ነኝ።

አክስትሽ ኅዳር 21 ቀን ከሰዓት በኋላ አረፈች። ተቀምጠሽ አንብቢው ልልሽ አስቤ፣ ለካ እዚህ መስመር ላይ ስትደርሺ ይረፍድብኛል።

ሳንባ ምች ነው የወሰዳት። ተኝቶ የሚውል ሰው ያገኘዋል። ሠላሳ ዓመት ለሰው መድኃኒት ስሰጥ ኖሬያለሁ፤ ያለውን ሁሉ ሰጠኋት፣ በሰዓቱ፣ ጠብታ ሳላጎድል። በመጨረሻው ቀን ከጠዋት ጀምሮ እጇን ይዤ ነበር። ዓይኔን አልነቀልኩም፤ ትንፋሿን ስቆጥር ዋልኩ። እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ቀና አደረግኳት፤ አፏን ጠረግኩ፤ ስሟን ጠራሁ። አንድ ጊዜ አየችኝ። የት እንደምሄድ አልጠየቀችኝም። ከዚያ የሚቀጥለውን ትንፋሽ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

ነቅቼ ነበር። እጇን ይዤ ነበር። አንቺ ለዚያች ልጅ እንደነገርሻት ሆኖ ነው የሄደችው፣ ቃል በቃል። ነቅቼም አንዲት ትንፋሽ አልጨመርኩላትም።

ይህን የጻፍኩልሽ ለአንቺ መድኃኒት ይሆን እንደሆን ብዬ ነው። ሽማግሌው አንቺ ነቅተሽም ቢሆን ይሄዱ ነበር፤ አሁን ከመጽሐፍ ሳይሆን በዓይኔ አይቼ ነው የምነግርሽ። ውሰጂው፤ ምናልባት ይሠራልሽ ይሆናል። እኔ ዘጠኝ ቀን ሞከርኩት፤ አልሠራልኝም።

አልመጣም ያልሽውን አልተቀየምኩም። አሁንስ ማንን ልትጠብቂ ትመጫለሽ?

ደህና እደሪ አልልሽም። እንዴት እንዳደርሽ ግን ጻፊልኝ፤ እውነቱን።

ጋሼሽ